መዝገቡና ሰዎቹ፦ የደቡብ እስያ ሂጅራዎች፣ ትራንስጀንደሮችና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ታሪክ ቅኝት

በኦገስት 1852 በሰሜን ሕንድ ማይንፑሪ በምትባል አውራጃ ቡራ የተባለች ሰው ተገድላ ተገኘች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቡራ ሂጅራ ነበረች። ከሁለት ደቀ መዛሙርቷና ከወዳጇ ጋር ትኖር ነበር፤ ልጅ በተወለደበትና ሠርግ በተደገሰበት ቤት እየዘፈነችና እየመረቀች በምታገኘው ስጦታ ትተዳደር ነበር። ከመሞቷ በፊት የቀድሞ ወዳጇን ትታ ወደ ሌላ ሰው ሄዳ ስለነበር፣ እንግሊዛውያኑ ዳኞች የገደላት ያ የተተወው ሰው ነው ብለው አመኑ። እስከዚህ ድረስ የቅናት ግድያ ነው። ዳኞቹ ግን ስለ ገዳዩ ጽፈው አላበቁም፤ ስለ ሟቿ መጻፍ ጀመሩ። ሂጅራዎችን ለማኞች፣ ከተፈጥሮ ውጭ የሆኑ ዝሙት አዳሪዎች አሏቸው፤ መኖራቸው ራሱ ለእንግሊዝ አስተዳደር ነውር ነው ብለው ጻፉ። ሟች ተከሳሽ ሆነች፤ ከእሷም ጋር ወገኖቿ ሁሉ።

ሂጅራ የሚባሉት (የነቢዩን ስደት ከሚያመለክተው ቃል ጋር እንዳይምታታ) በሕንድ፣ በፓኪስታንና በባንግላዴሽ ወንድ ተብለው ተወልደው በሴት ልብስና በሴት ስም የሚኖሩ፣ የራሳቸው ማኅበርና ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ናቸው። አዲስ የገባችው ቼላ ትባላለች፤ የምትቀበላት ጉሩ ናት። ጉሩዋን እንደ እናት፣ የጉሩዋን ጉሩ እንደ አያት ታያለች። ገቢው ከቼላ ወደ ጉሩ ይወጣል፤ መጠለያውና ጥበቃው ከጉሩ ወደ ቼላ ይወርዳል፤ ጉሩ ስትሞት ቤቱን የሚረከቡት ቼላዎቿ ናቸው። ከፊሎቹ ብልታቸውን ያስቆርጣሉ፤ በጉጅራት መቅደሷ በሚገኘው በባሁቻራ ማታ ስም የሚፈጸመው ይህ ሥርዓት ኒርቫን ይባላል። በሥርዓቱ ያለፈችው ልክ እንደ አራስ 40 ቀን ከቤት ሳትወጣ፣ የተለየ ምግብ እየተሰጣት ትቆያለች፤ በእነሱ ዘንድ እንደገና መወለድ ነውና። ከዚያ በኋላ ምርቃቷ ይደርሳል፣ እርግማኗም ይፈራል ይባላል። ጣቶቻቸውን ፈርከክ አድርገው መዳፍ ከመዳፍ የሚያጋጩበት ጭብጨባቸው ከሩቅ ይለያል። ልጅ የተወለደለት ቤተሰብ ያንን ድምፅ ደጁ ላይ ሲሰማ ገንዘቡን፣ እህሉን፣ ሳሪውን ያዘጋጃል።

ታሪክ ጸሐፊዋ ጄሲካ ሂንቺ በ2019 ባሳተሙት መጽሐፍ የቡራ ጉዳይ እንዴት የረጅም ዘመቻ መነሻ እንደሆነ ያሳያሉ። ቶማስ ማኮሌይ የመራው ኮሚሽን በ1837 ያረቀቀው የሕንድ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1860 ጸድቆ በ1862 ሥራ ላይ ሲውል፣ አንቀጽ 377 “ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ” የሆነን የሥጋ ግንኙነት እስከ ዕድሜ ልክ በሚደርስ ቅጣት ከለከለ። ይኸው ሕግ ኋላ ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝ ሥር ወደነበሩት የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቶችም ገብቷል። ለሂጅራዎቹ ግን ከዚያ የባሰ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። የ1871ዱ የወንጀለኛ ነገዶች ሕግ ሁለተኛው ክፍል፣ “ጃንደረቦች” በሚል ስም፣ ፖሊስ ስማቸውን፣ መኖሪያቸውንና ንብረታቸውን እንዲመዘግብ አዘዘ። የተመዘገበች ሰው በሴት ልብስ ወይም ጌጥ ከመንገድ በሚያሳይ ቦታ ከተገኘች፣ በአደባባይ ከዘፈነች ወይም ከጨፈረች እስከ 2 ዓመት ትታሰራለች። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ወንድ ልጅ አብሯት እንዲኖር አይፈቀድም።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ብዙም የማይጠቀሰው አንቀጽ ነው። የተመዘገበች ሰው ሞግዚት መሆን፣ ስጦታ መስጠት፣ ኑዛዜ መተውና ልጅ ማሳደግ ተከለከለች። የጉሩና የቼላ ቤት የቆመው በእነዚህ ላይ ነው። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ቤቱ በየት በኩል ቢነካ እንደሚፈርስ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ዓላማቸውንም አልሸሸጉም፤ አዲስ ሰው ሳይገባ፣ ያሉት እያረጁ ሲሞቱ ማኅበሩ ቀስ በቀስ እንዲጠፋ ነበር የፈለጉት። አልጠፋም። ሂጅራዎቹ ከአውራጃ አውራጃ እየተዘዋወሩ፣ ፖሊስ ዞር ሲልላቸው እየዘፈኑ ዘመኑን አሳለፉት። ይሁን እንጂ መዝገቡ የዘራው ጥርጣሬ እስከ ዛሬ ከላያቸው አልወረደም፤ ሂጅራ ልጅ ትሰርቃለች የሚለው ወሬ በየመንደሩ አሁንም ይወራል።

ስለ ደቡብ እስያ የሚነበብ ሁሉ ወደዚህ መዝገብ ይመልሰኛል። ማን ጻፋቸው? ምን ብሎ? መጻፋቸውስ ምን አስከፈላቸው? ዛሬ በዚያ አካባቢ የሚካሄደው ክርክር፣ የፍርድ ቤቱም የዩኒቨርሲቲውም፣ ከእነዚህ ጥያቄዎች አልራቀም።

ከእንግሊዝ በፊት የነበረው ዘመን በሁለት ወገን ይጎተታል። አንደኛው ወገን የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርና የፆታ ለውጥ ከምዕራብ የመጣ ነው ይላል፤ ሌላው ጥንታዊቷ ሕንድ ሁሉን አቃፊ ገነት ነበረች ይላል። የመጀመሪያው ስህተትነቱን ለማየት ብዙ መሄድ አያስፈልግም። በማሃባራታ አርጁና የስደቱን የመጨረሻ ዓመት ብሪሃናላ ተብሎ፣ የንጉሥ ቪራታን ልጅ ዳንስ እያስተማረ፣ በሴት ልብስ ያሳልፋል። ሴት ሆኖ የተወለደው ሺካንዲ ከአንድ መንፈስ ጋር ፆታ ተለዋውጦ ይዘምታል፤ ታላቁ ተዋጊ ቢሽማም በእሱ ላይ ቀስት አላነሣም ብሎ ይወድቃል። ካማሱትራም “ሦስተኛ ተፈጥሮ” ስላላቸው ሰዎች የራሱ ምዕራፍ አለው።

ታሪኩ በመጽሐፍ ብቻ የቀረም አይደለም። በታሚል ናዱ ኩቫጋም በምትባል መንደር በየዓመቱ በቺቲራይ ወር (ከኤፕሪል እስከ ሜይ ባለው ጊዜ) የሚከበር በዓል አለ። የታሚሎቹ ትረካ እንደሚለው፣ የአርጁና ልጅ አራቫን ከታላቁ ጦርነት በፊት ለድል መሥዋዕት ሊሆን ተስማማ፤ ሳያገባ ግን መሞት አልፈለገም። በማግሥቱ መበለት ለመሆን ማን ታገባዋለች? ክሪሽና ሞሂኒ የምትባል ሴት ሆኖ አገባው። በታሚል ቲሩናንጋይ የሚባሉት ትራንስ ሴቶች ከመላ አገሪቱ ወደ ኩቫጋም የሚመጡት አራቫንን ራሳቸው ሊያገቡት ነው። ሐር ሳሪ ለብሰው፣ አበባ በፀጉራቸው ሰክተው ይሰለፋሉ፤ የመቅደሱ ካህን የጋብቻውን ክር ታሊን በየአንገታቸው ያስራል፤ ሌሊቱ በጭፈራ ያልፋል። ሲነጋ ግዙፉ የአራቫን ምስል በመንደሩ ይዞራል፤ መሥዋዕትነቱም ይፈጸማል። ከዚያ ለቅሶው ይጀመራል። ታሊው ይቆረጣል፣ የእጅ አምባሩ ይሰበራል፣ ደረት ይመታል፣ ነጭ ሳሪ ይለበሳል። ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ቤት የተባረሩ፣ ሠርጋቸውን ማንም ያልደገሰላቸው ናቸው። በአንድ ሌሊት ሙሽርነትንም ሐዘንንም በአደባባይ ያገኛሉ፤ ሐዘናቸው የአራቫን ብቻ ነው የሚል ያላየ ነው።

ለእኔ የበለጠ የሚገርመው ግን ከበዓልም ከተረትም የራቀ፣ ደረቅ የመነኮሳት ክርክር ነው። ሊዮናርድ ዝዊሊንግና ማይክል ስዊት በ1990ዎቹ ባወጧቸው ጥናቶች የጄይን ሃይማኖት ሊቃውንት ከ1,500 ዓመታት ገደማ ጀምሮ ሲከራከሩበት የኖሩትን ጉዳይ አወጡ። ጥያቄው፣ ሴት በሴትነቷ ከዳግም ልደት ነፃ መውጣት ትችላለች ወይ የሚል ነበር። ሊቃውንቱ እሱን ለመመለስ ሲሉ የሰውን አካል ከሰው ምኞት ለዩ፤ በአካል ወንድ የሆነ ሰው በምኞቱ ሴት ሊሆን ይችላል፣ እንዲሁም በተገላቢጦሽ አሉ። ሦስተኛ ዓይነት ምኞት እንዳለም አስቀመጡ፤ እሱንም በሚነድ ከተማ መሰሉት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች እንደ አዲስ ግኝት ያቀረቡትን የአካልና የምኞት ልዩነት እነዚህ መነኮሳት የገዳም ሕግ ለማውጣት ሲሉ ጽፈውት ነበር። ዝንባሌያቸው ግን ለማግለል ነው፤ ሦስተኛው ዓይነት ሰው ለምንኩስና አይሆንም የሚል ደንብ አወጡ። የቡድሂስቶቹም ሥርዓት ተመሳሳይ ክልከላ አለው።

የገነቱ ተረትም እዚህ ላይ ይሰነጠቃል። የማኑ ሕግ ከወንድ ጋር የተገናኘን የላይኛው ካስት (የትውልድ መደብ) ሰው ከነልብሱ ውኃ ውስጥ ገብቶ እንዲታጠብ ብቻ ያዘዋል። ድንግልን የደፈረች ሴት ግን ፀጉሯ ይላጫል ወይም ሁለት ጣቷ ይቆረጣል፣ በአህያ ላይ ተጭናም ትዞራለች። ይኸው ሕግ በወንድነት የማይቆጠረውን ሰው ከዓይነ ስውሩና ከመስማት የተሳነው ጋር አንድ ላይ ደርድሮ ቀለብ ይሰጠው እንጂ ውርስ አይድረሰው ይላል። እንግሊዞች በ1871 ኑዛዜና ስጦታን ሲከለክሉ ባዶ መሬት ላይ አልነበረም የዘሩት። ቦታ ማግኘት ክብር ማግኘት ማለት አይደለም፤ የጥንቱ ዘመን ቦታ ሰጥቷቸዋል፣ ብዙ ጊዜም ከደጅ።

በእስልምና መንግሥታት ዘመን ሌላ ሰው ወደ ታሪኩ ይገባል፤ የቤተ መንግሥት ጃንደረባ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሰው ያውቀዋል፤ የሕንደኬ ባለ ሥልጣን፣ የግምጃ ቤቷ ሹም። በደልሂ፣ በአግራና በላክናው የነበሩት ክዋጃሳራዎችም እንዲሁ ነበሩ። ማሊክ ካፉር በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የደልሂን ጦር እስከ ደቡብ ሕንድ መርቷል፤ ኢቲማድ ካን የንጉሠ ነገሥት አክባርን ገንዘብ አስተዳድሯል። በ1782 የእንግሊዙ ገዥ ዋረን ሄስቲንግስ የአዋድን እመቤቶች ሀብት ሊወስድ ሲፈልግ መጀመሪያ ያሰረው ንብረታቸውን የሚያስተዳድሩትን ሁለት ክዋጃሳራዎች፣ ባሃር አሊ ካንንና ጃዋሂር አሊ ካንን ነበር።

ይህ ምዕራፍ እኛንም ይነካል፤ ሳይነካካም አይታለፍም። የዓረቡ ጸሐፊ አል ዑመሪ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደመዘገበው፣ የአማራው ንጉሥ ቢከለክልም ነጋዴዎች ባሪያዎችን ወሽሉ በምትባል ቦታ ይሰልቡ ነበር፤ የተሰለቡት ቁስላቸው እንዲታከም ወደ ሐድያ ይወሰዱ ነበር፤ ከሚድኑት የሚሞቱት ይበዙ ነበር። ከአፍሪካ ቀንድ በቀይ ባሕር የወጡት ባሪያዎች በሕንድ ሐበሺ ይባሉ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቤንጋል ሱልጣኖች ብዙ ሐበሾችን በጦርና በቤተ መንግሥት አሰማሩ። በ1487 የቤተ መንግሥቱ ጃንደረቦች አለቃ፣ ብዙ ጸሐፊዎች ከሐበሾቹ የሚቆጥሩት ሰው፣ ሱልጣኑን ገድሎ ዙፋኑን ያዘ፤ ወራት ሳይቆይ ሌላ የሐበሻ አዛዥ ገድሎት ነገሠ። እነዚህን ሰዎች የደቡብ እስያ የፆታ ብዝኃነት ታሪክ ጌጥ አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎች ያሳዝኑኛል። ልጅ ሆነው የተሰለቡት በስለት፣ በነጋዴ እጅ ነው፤ ማንም ምን መሆን ትፈልጋለህ ብሎ አልጠየቃቸውም። ክዋጃሳራውና ሂጅራዋ የተለያዩ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የቤተ መንግሥት ባለ ሥልጣን፣ ሌላዋ የአደባባይ ዘፋኝ። ሁለቱን ጃንደረባ ብሎ በአንድ መዝገብ ያጨቃቸው የ1871ዱ ሕግ ነው። ዛሬ በፓኪስታን የሂጅራው ማኅበር ክዋጃ ሲራ በሚለው ስም መጠራትን መምረጡ ግን ይገባኛል፤ ስድብ ከሆነ ስም ይልቅ የሹመት ታሪክ ያለውን ስም ማን ይጠላል?

ፍቅር ደግሞ ሌላ መዝገብ ነበረው፤ ግጥም። የላሆሩ ሱፊ ሻህ ሁሴን ማዶ ላል የሚባል የብራህሚን ልጅ ወደደ፤ በባግባንፑራ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀብረዋል፤ ሕዝቡም የሱፊውን ስም ከወዳጁ ስም ጋር አጣምሮ ማዶ ላል ሁሴን ይለዋል። በየዓመቱ በመጋቢት ግድም በመቃብራቸው ዙሪያ ሻማና ችቦ በርቶ የመብራት በዓል ይከበራል። በላክናው ወንድ ገጣሚዎች በሴት አንደበት፣ በሴቶች ቤት ቋንቋ የሚጽፉት ሬክቲ የሚባል የግጥም ዓይነት በሴቶች መካከል ስላለ ፍቅርም ይናገር ነበር። ሩት ቫኒታና ሳሊም ኪድዋይ በ2000 የ2,000 ዓመት ጽሑፎችን ሰብስበው በአንድ ጥራዝ ባያቀርቡ ኖሮ፣ ብዙው የሕንድ አንባቢ ይህ ሁሉ መኖሩን አያውቅም ነበር። የማያውቅበት ምክንያት እንግሊዝ ብቻ አይደለም። የኡርዱ ሐያሲው አልታፍ ሁሴን ሃሊ በ1893 ባሳተመው ሥራው ለወንድ የሚጻፍ የፍቅር ግጥም እንዲታረም ጠየቀ፤ ሬክቲም ከሥነ ጽሑፍ ታሪክ ተገፍታ ወጣች። አገሩን ነፃ ለማውጣት የተነሣው ትውልድ በቅኝ ገዥው ዓይን ንጹሕ ሆኖ ለመታየት የራሱን ቤተ መጻሕፍት ጠረገ።

ጠረጋው ግን ሁሉንም አልወሰደም። ኢስማት ቹግታይ በ1942 ሊሃፍ የተሰኘውን አጭር ልቦለድ አወጣች። በአንዲት ሕፃን ዓይን የሚተረክ፣ ባሏ ችላ ያላት ባለጸጋ ሴትና የምታሻት አገልጋይዋ ታሪክ ነው፤ ማታ ማታ ግድግዳው ላይ የብርድ ልብሱ ጥላ ይወዛወዛል። ላሆር ላይ በብልግና ተከሰሰች። ከሳሾቹ የብልግና ቃል ፈልገው ከጽሑፉ ሊያወጡ አልቻሉምና በነፃ ተሰናበተች።

ሴቶቹ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ እምብዛም ቦታ አይሰጣቸውምና። ሂጅራዎች አደባባይ አላቸው፤ ወንዶች መናፈሻና ባቡር ጣቢያ አላቸው፤ ሴት የምትወድ ሴት ያላት ቤት ነው፣ ቤቱም የሷ አይደለም። በ1987 መጨረሻ በማድያ ፕራዴሽ ሁለት ሴት ፖሊሶች በራሳቸው ሥርዓት ተጋቡ፤ ከሥራ ተባረሩ። ዲፓ ሜህታ በ1996 የሠሩት ፋየር የተሰኘው ፊልም የሁለት ባለትዳር ሴቶችን ፍቅር ሲያሳይ፣ በዲሴምበር 1998 በሙምባይና በደልሂ የሲኒማ ቤቶች መስታወት ተሰበረ። ለተቃውሞ ደልሂ ላይ ከወጡት መካከል ሕንዳዊም ሌዝቢያንም ነኝ የሚል ጽሑፍ ያነሡ ሴቶች ነበሩ። አንትሮፖሎጂስቷ ናይሳርጊ ዴቭ በ2012 መጽሐፋቸው እነዚህ ሴቶች ከዚያ በፊት ለዓመታት በደብዳቤ ይገናኙ እንደነበር ይተርካሉ፤ እያንዳንዷ እኔ ብቻ ነኝ ብላ የምትጽፈው ደብዳቤ በየፖስታ ሳጥኑ ይጠራቀም ነበር።

የውጭው ዓለም ምሁራን ዓይን ግን በዚያው ሰሞን ሌላ ቦታ ነበር። ሴሬና ናንዳ በ1990 ስለ ሂጅራዎች ያሳተሙት መጽሐፍ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መማሪያ ሆነ፤ ፆታ ከሁለት በላይ ሊሆን እንደሚችል ማስረጃ የፈለገ ሁሉ ጠቀሰው። ጋያትሪ ሬዲ በ2005 ከሃይደራባድ የጻፉት ጥናት ያንን ያረጋጋዋል። እሳቸው ያገኟቸው ሂጅራዎች ስለ ሦስተኛ ፆታ ፍልስፍና አይጨነቁም፤ የሚጨነቁት ስለ ኢዛት፣ ስለ ክብር ነው። ማን ቤት ገባሽ፣ ጉሩሽ ማናት፣ በምርቃት ትኖሪያለሽ ወይስ ገላሽን በመሸጥ፣ ሃይማኖትሽ ምንድን ነው፣ ለማን ታስቢያለሽ። ሂጅራዋን የዓለም የፆታ ክርክር ምስክር አድርጎ ማቆም ለተመራማሪው እንጂ ለእሷ አልጠቀማትም።

ከዚያ ኤድስ መጣ፤ ከኤድስ ጋርም አዲስ መዝገብ። በ1991 አድሎን የሚቃወም አንድ የደልሂ ቡድን በሕንድ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን ሕይወት የሚዘግብ የመጀመሪያውን ሰነድ አሳተመ። በ1994 በቲሃር ወህኒ ቤት ለእስረኞች ኮንዶም ይታደል ቢባል ባለሥልጣኖቹ አሻፈረኝ ስላሉ ይኸው ቡድን አንቀጽ 377ን በፍርድ ቤት ተቃወመ። በኋላ የለጋሾች ገንዘብ ሲጎርፍ ቅጽ ሊሞላ ይገባ ነበር፤ ኮቲ (በአኳኋኑ ሴትን የሚመስል ወንድ)፣ ሂጅራ፣ ትራንስጀንደር። አኒሩዳ ዳታ ከምዕራብ ቤንጋል ትንንሽ ከተሞች የጻፏቸው ጥናቶች የሚያሳዩት፣ አንዲት ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ በሠፈሯ አንድ ስም፣ በጉሩዋ ቤት ሌላ፣ በፕሮጀክቱ ቢሮ ሦስተኛ ስም ይዛ እንደምትኖር ነው። ቅጹ የሚፈቅደው ግን አንድ ሳጥን ነው።

ጁላይ 2 ቀን 1999 ኮልካታ ላይ 15 የሚሆኑ ሰዎች ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መብት በሰልፍ ወጡ። በ10ኛ ዓመቱ በዚያው ቀን የደልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጎልማሶች በፈቃዳቸው የሚያደርጉትን ግንኙነት ከአንቀጽ 377 አወጣ። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ውሳኔ ሻረ፤ የተጎዱት ቁጥራቸው ኢምንት ነው ከሚል ሐሳብ ጋር። በአራት ወሩ፣ በኤፕሪል 2014፣ የዚያው ፍርድ ቤት ሌሎች ዳኞች ትራንስጀንደር ሰው ፆታውን ራሱ የመወሰን መብት አለው፣ መንግሥትም እንደ ኋላ ቀር ማኅበረሰብ የትምህርትና የሥራ ኮታ ይስጣቸው ብለው ፈረዱ። ስለዚህ አንዲት ሂጅራ ለአራት ዓመት ያህል ማንነቷ በሕግ የታወቀ፣ ፍቅሯ በሕግ የተከለከለ ሆና ኖረች። ሴፕቴምበር 6 ቀን 2018 አምስት ዳኞች በአንድ ድምፅ ጎልማሶች በፈቃዳቸው የሚያደርጉትን ግንኙነት ከአንቀጹ አወጡት፤ ዳኛ ኢንዱ ማልሆትራ ታሪክ ለእነዚህ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ይቅርታ መጠየቅ አለበት ብለው ጻፉ። ጋብቻን በተመለከተ ግን ያው ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2023 ጉዳዩ የፓርላማ ነው ብሎ መለሰ።

ጎረቤቶቹ በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል። ኔፓል ከሁሉም ቀደመች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በዲሴምበር 2007 ሦስተኛ ፆታ እንዲታወቅ አዘዘ፣ የ2015ቱ ሕገ መንግሥት አናሳ የፆታ ወገኖችን በስም ጠቀሰ፣ በኖቬምበር 2023 ላምጁንግ ውስጥ የመጀመሪያው የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ተመዘገበ። ሲሪላንካ በ1995 ሕጓን ስታሻሽል ወንድ የሚለውን ሰው በሚል ተክታ ሴቶችንም ወንጀለኛ አደረገች። ቡታን በ2020 ፓርላማዋ ክልከላውን አነሣ። ፓኪስታን በ2018 ሰው ፆታውን ራሱ አውቆ በመታወቂያው እንዲያስጽፍ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ በሜይ 2023 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤት ዋና ዋና አንቀጾቹን ሻረ።

የባንግላዴሽ ነገር ይበልጥ ያሳዝናል። በ2013 መጨረሻ ካቢኔው ሂጅራን አንድ ፆታ አድርጎ አወቀ። በ2015 ለመንግሥት ሥራ የተመረጡ ሂጅራዎች ሐኪም ፊት ቀርበው እንዲራቆቱ ተደረገ፤ ብልት ያላቸው ሆነው ሲገኙ ወንድ ናችሁ፣ አታላዮች ናችሁ ተብለው በጋዜጣ ሳይቀር ተዋረዱ። አድናን ሁሴን በ2021 መጽሐፋቸው እንዳሳዩት፣ በዳካ ብዙ ሂጅራዎች አይሰለቡም፤ ሚስትና ልጅ ያላቸውም አሉ፤ በማኅበሩ ውስጥም ሂጅራነታቸው አይጠየቅም። መንግሥት ያወቀው በራሱ ሐሳብ ውስጥ የነበረችውን ሂጅራ ነው። በኤፕሪል 2016 ደግሞ ሩፕባን የተባለው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መጽሔት አዘጋጅ ዙልሃዝ ማናንና ጓደኛቸው ማህቡብ ራቢ ቶኖይ በመኖሪያ ቤት ውስጥ በገጀራ ተገደሉ።

ሕንድም በ2019 ለትራንስጀንደሮች ሕግ አወጣች። በጎዳና የተቃወሙት ትራንስጀንደሮቹ ራሳቸው ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ራስህ ወስን ያለውን ሕጉ ወደ አውራጃ አስተዳዳሪ ቢሮ መለሰው፤ ማመልከቻ ይቀርባል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ሴት ወይም ወንድ ተብሎ ለመጻፍ የሕክምና ማስረጃ ይጠየቃል። በእነሱ ላይ ለሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ከፍተኛው ቅጣት 2 ዓመት ተደረገ፤ ሴት በተደፈረችበት ጊዜ ግን ዝቅተኛው ራሱ 10 ዓመት ነው። የ1871ዱ መዝገብ ለማጥፋት ተጻፈ፣ ይኸኛው ለመጥቀም ተጻፈ፤ ይህን ልዩነት አልክድም። ግን በሁለቱም ስለ አንዲት ሰው ማንነት የመጨረሻውን ቃል የሚጽፈው ሹም ነው።

የ2011 የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ 487,803 ሰዎችን “ሌላ” በሚል ቆጠረ፤ ከእነሱ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት 56 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከቁጥሩ በታች ምን እንዳለ ለማወቅ የደቡብ ሕንዷን ከተማ ኮቺን ማየት ይበቃል። በ2017 የኮቺ ሜትሮ ባቡር 23 ትራንስጀንደሮችን ቀጠረ፤ ዜናው ዓለምን ዞረ። ሳይቆይ 8ቱ ሥራውን ተዉ፤ የሚያከራያቸው ባለቤት አጥተው። በሌላ በኩል ታሚል ናዱ ገና በ2008 የትራንስጀንደሮች የደኅንነት ቦርድ አቋቁማለች፤ በመንግሥት ሆስፒታል ነፃ ቀዶ ሕክምናም ትሰጣለች። ሕይወታቸውን ራሳቸው የሚጽፉትም ከዚያው ክልል በዙ። ሬቫቲና ሊቪንግ ስማይል ቪድያ በታሚል የጻፏቸው ግለ ታሪኮች የፖሊስን ዱላ፣ የወንድሞችን ጡጫ፣ የጉሩንም ጭካኔ ሳይደብቁ ይናገራሉ። ከምሁራኑ መጻሕፍት በፊት ሊነበቡ የሚገባቸው እነዚህ ይመስሉኛል።

አሁን ከባዱ ክርክር ካስት ነው። በ2016 የሂጅራ መሪዎች በኡጃይን የኩምብ ሜላ በዓል ላይ ኪናር አካዳ የተባለ የሂንዱ መነኮሳት ማኅበር መሥርተው ሲገቡ ብዙዎች በደስታ ተቀበሏቸው። ዳሊት (ከካስቱ ሥርዓት በታች ተገፍተው የኖሩ) እና ሙስሊም የሆኑት ግን ይህ ክብር በማን ስም፣ በየትኛው ሃይማኖት ጥላ ሥር እንደመጣ ጠየቁ። በሂጅራው ቤት ሂንዱና ሙስሊም በአንድ ጉሩ ሥር ለዘመናት ኖረዋልና ጥያቄያቸው ከባድ ነው። የታሚል ናዱዋ ዳሊት ትራንስጀንደር ታጋይ ግሬስ ባኑ ደግሞ የተግባር ጥያቄ ይዘዋል። ክልሉ ትራንስጀንደሮችን በአንድ የኋላ ቀር ካስቶች ምድብ ከቷቸው ነበር፤ ስለዚህ ዳሊት የሆነች ትራንስ ሴት ለሥራ ስታመለክት ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ ትገደድ ነበር፤ በካስቷ ኮታ ከገባች ትራንስጀንደርነቷ አይቆጠርም ነበር፣ በትራንስጀንደርነቷ ከገባች ዳሊትነቷ ይፋቅ ነበር። እሳቸውና ጓዶቻቸው የሚጠይቁት በየካስቱ ኮታ ውስጥ ለትራንስጀንደሮች የተለየ ድርሻ እንዲኖር ነው። ካርናታካ በ2021 በመንግሥት ሥራ 1 በመቶ በዚህ መልክ ፈቅዳለች። በሌሎች ክልሎች ክርክሩ በየፍርድ ቤቱ ቀጥሏል።